የቡናውን ብር ቤት ላይ ለማዋል ለምታስቡ

የቡና ብር እጅ ሲገባ ከአጋሮ፣ ከየቡ፣ ከሊሙ ገነት የሚደርሰኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ «ጅማ ዳር ቦታ አግኝቻለሁ፣ ልግዛ ወይ?» ካርታ አለው ወይ ብዬ ስጠይቅ መልሱ ብዙ ጊዜ «ካርታ የለውም፤ ግን ገበሬው የታወቀ ሰው ነው፣ ሽማግሌ ባለበት ነው የምንዋዋለው» ይሆናል። የጀማሪ ሰው ገንዘብ የሚበላው እዚህ ጋ ስለሆነ ጊዜ ወስጄ ልጻፈው።

የገጠር መሬትም የከተማ ቦታም በ1967 ዓ.ም. በመንግሥት እጅ ገብቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ የከተማው ቦታ የመጠቀም መብትም ቤቱን ተከትሎ ይተላለፋል። ገበሬው ማሳውን ያርሳል፣ ለልጁ ያወርሳል፣ ያከራያል፤ መሸጥ ግን አይችልም።

ሁሉም ይህን ስለሚያውቅ የመንደር ውሉ ላይ «ሽያጭ» የሚል ቃል አይጻፍም። ወረቀቱን አይቼዋለሁ፦ ከደብተር የተቀደደ ገጽ፣ የሦስት ምስክር ፊርማ፣ የሻጩ አውራ ጣት፣ ርዕሱ «የስጦታ ውል» ወይም «የብድር ውል»። የተከፈለው ብር በሙሉ አይሰፍርበትም። ከተማው ሲሰፋና መሬቱ ለልማት ሲፈለግ ታዲያ ካሳ የሚከፈለው የይዞታ ደብተሩ ላይ ስሙ ላለው ሰው ነው። ገበሬው ቢሞት ልጆቹ ከስሰዋችሁ ውሉ ሊፈርስ ይችላል። ቤት ሠርታችሁ ከሆነም የጨረቃ ቤት ነው፤ ያለ ካሳ ይፈርሳል። ገበሬው የግድ ክፉ ሰው ነው ማለት አይደለም። ደግ ሆኖም ቢሆን የሌለውን መብት ሊሰጣችሁ አይችልም።

በዚያው ገንዘብ ከተማ ውስጥ ካርታ ያለው አሮጌ የጭቃ ቤት፣ ትንሽም ቢሆን፣ ብትገዙ ይሻላል ባይ ነኝ። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የካርታውን ቁጥር ይዛችሁ ከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ሂዱና ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አጣሩ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ባልም ሚስትም ይፈርሙ። ቤቱ የውርስ ከሆነ ሁሉም ወራሾች ይፈርሙ። ውሉ ውልና ማስረጃ ፊት ይፈረም፤ ትልቁን ገንዘብ ስሙ እስኪዞር ያዙት። ለስም ዝውውሩ 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ እንዳለም አስቡ።

ባዶ የሊዝ ቦታ የሚያቀርብላችሁ ደላላ ካለ ቆም በሉ። በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ (ቁጥር 721) መሠረት ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ የሚተላለፍ ቦታ ላይ ባለይዞታው የሚያገኘው የከፈለውን ሊዝ ከነወለዱ፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና የማስተላለፊያ ዋጋውን 5 በመቶ ነው፤ የቀረው ለመንግሥት ገቢ ይሆናል። ስለዚህ ሻጩ ዋጋ ዝቅ አድርጎ ለመጻፍ ይገፋፋችኋል። ነገ ክርክር ቢነሳ በእጃችሁ ያለው ማስረጃ ያ ዝቅ ያለው ቁጥር ብቻ ነው።

የት ልግዛ ለምትሉም፣ ቡና አምራችም ነጋዴም ለሆናችሁ ሰዎች ጅማን አስቀድማለሁ። አጋሮ ላይ ሱቅ የሚከራየው ነጋዴ ገቢው እንደ እናንተው ቡና ነው፤ ዋጋ በወደቀበት ዓመት የእናንተ ማሳ ሲጎዳ ኪራዩም አብሮ ይዘገያል። ጅማ ግን ዩኒቨርሲቲው፣ ሆስፒታሉ፣ ደሞዝተኛው አለ። ሰርቪስ ክፍል የሚከራይ ነርስ ወይም መምህር ቡና ቢረክስም ባይረክስም በወሩ ይከፍላል።