ካንሰር፣ ረጅም በረራ እና የደም መርጋት፦ ከጉዞ በፊት ሐኪምን መጠየቅ ለምን ያስፈልጋል?

ከአዲስ አበባ ለንደን ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ለመድረስ ስምንት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በዚህ መስመር ከሚመላለሱት መካከል የካንሰር ታማሚዎችም ይገኛሉ። አንዳንዶቹ ለሕክምና፣ ሌሎቹ ዘመድ ለመጠየቅ ወይም አገራቸውን ለማየት ይጓዛሉ። እነዚህ መንገደኞች ከቲኬትና ከፓስፖርት በፊት ሊያስቡበት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ፦ በደም ሥር ውስጥ ደም እንዳይረጋ መከላከል።

የሂትሮው ስም ከደም መርጋት ጋር በስፋት የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነበር። በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር ከአውስትራሊያ የመጣች አንዲት ወጣት ተሳፋሪ ሂትሮው እንደደረሰች ወድቃ ሕይወቷ አለፈ። ምክንያቱ በእግሯ ረግቶ ወደ ሳንባዋ የሄደ ደም ነበር። የወጣቷ ሞት ከካንሰር ጋር ባይያያዝም የረጅም በረራን አደጋ የዓለም መነጋገሪያ አደረገው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስተባበረውና በ2007 ውጤቱ ይፋ የሆነው ጥናት አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚወስድ ጉዞ የደም መርጋትን ዕድል በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳየ። ይህ በአውሮፕላን ብቻ ሳይሆን በአውቶቡስ፣ በባቡርና በመኪና ለሚጓዙም ይሠራል። ለጤነኛ ሰው ግን አደጋው ከ6,000 ተጓዦች አንዱን የሚያጋጥም ያህል አነስተኛ ነው።

ደም ለምን ይረጋል?

ደም ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ወደ ላይ እየወጣ ነው። የባት ጡንቻ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ደም መላሽ ሥሮችን እየጨመቀ እንደ ፓምፕ ያገለግላል። በሥሮቹ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ክዳኖች ደግሞ ደሙ ወደ ታች እንዳይመለስ ያግዱታል። ሰው ለሰዓታት ጉልበቱን አጥፎ ሲቀመጥ ፓምፑ ሥራ ይፈታል፤ ደሙም ፍሰቱ ይቀንሳል።

በካንሰር ታማሚ ላይ ሌሎች ምክንያቶችም ይደረባሉ። የካንሰር ሕዋሳት ደም እንዲረጋ የሚያነሣሡ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫሉ። ዕጢው ራሱ የደም ሥርን ሊጫን ይችላል። ቀዶ ሕክምና፣ አንዳንድ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች እና መድኃኒት ለመስጠት በትልቅ የደም ሥር የሚገባው ቱቦም የሥሩን የውስጥ ግድግዳ ይጎዳሉ። በዚህም የተነሣ የካንሰር ታማሚዎች ከሌላው ሰው ይልቅ በብዙ እጥፍ ለደም መርጋት የተጋለጡ ናቸው። የቆሽት፣ የጨጓራ፣ የአንጎልና የሳንባ ካንሰር በተለይ ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው መካከል ናቸው። ፈረንሳዊው ሐኪም አርማን ትሩሶ የሁለቱን ሕመሞች ቁርኝት በ1865 ያስረዳ ሲሆን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በካንሰር ከመሞቱ በፊት ምልክቱን በገዛ አካሉ ላይ አየው።

መከላከያው ለሁሉም አንድ አይደለም

ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶች መርጋትን ይከላከላሉ፤ ነገር ግን የመድማት አደጋ ያስከትላሉ። በ2019 ይፋ በሆነ የካናዳ ጥናት፣ ኬሞቴራፒ ሊጀምሩ ከነበሩና ሥጋታቸው መካከለኛ ወይም ከፍተኛ ከሆኑ 574 ታማሚዎች መካከል አፒክሳባን የወሰዱት ደማቸው የረጋው 4.2 በመቶ ብቻ ነበር። መድኃኒት አልባ ክኒን በወሰዱት ዘንድ ቁጥሩ 10.2 በመቶ ደርሷል። በሌላ በኩል ከባድ መድማት ከ1.8 ወደ 3.5 በመቶ ከፍ ብሏል። ሐኪሞች መድኃኒቱን ለሁሉም ከማዘዝ ይልቅ የካንሰሩን ዓይነት፣ የደም ምርመራውን ውጤትና የታማሚውን ክብደት አይተው ሥጋቱን በነጥብ የሚለኩት ስለዚህ ነው። ለካንሰር ሲባል ከባድ የሆድ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ግን የመከላከያ መርፌውን ለአራት ሳምንታት ያህል እንዲወስዱ ብዙ ጊዜ ይታዘዝላቸዋል።

የመድኃኒቱ ምርጫ ከምግብና ከእምነት ጋርም ይገናኛል። በመርፌ የሚሰጡት ሄፓሪንና እንደ ኢኖክሳፓሪን ያሉት ተዋጽኦዎቹ በአብዛኛው ከአሳማ አንጀት የሚዘጋጁ ናቸው። ይህ የሚያሳስበው ታማሚ መርፌውን ዝም ብሎ ከመተው ይልቅ ለሐኪሙ መንገር ይኖርበታል፤ አፒክሳባንና ሪቫሮክሳባን በቤተ ሙከራ የሚቀመሙ ናቸው። ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ በጾም ወራት የጎመን መጠን በድንገት ሲጨምር የመድኃኒቱ ኃይል ሊቀንስ እንደሚችል ማወቅ አለባቸው፤ ምክንያቱ በቅጠላ ቅጠል ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ ነው። ጎመን መተው አያስፈልግም፤ ከሳምንት ሳምንት የሚበላው መጠን ተቀራራቢ መሆኑ ይበቃል።

ከበረራው በፊትና በበረራ ላይ

የካንሰር ሕክምና የሚከታተል ሰው በረራው ከአራት ሰዓት የሚበልጥ ከሆነ አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር አለበት። በራስ ውሳኔ አስፒሪን መዋጥ የሐኪምን ትእዛዝ አይተካም። መርፌ የታዘዘለት ሰው መድኃኒቱን ከሐኪም ደብዳቤ ጋር በእጅ ሻንጣው ቢይዝ ይመረጣል። በመተላለፊያው በኩል መቀመጥ፣ በየጊዜው ተነሥቶ መራመድ፣ ተቀምጠውም ተረከዝና ጣትን በተራ ማንሣት እንዲሁም በቂ ውኃ መጠጣት ይረዳሉ። የግፊት ካልሲ ለሁሉም ስለማይስማማ ልኩን ባለሙያ ቢመርጠው ይሻላል።

አደጋው አውሮፕላኑ እንዳረፈ አያበቃም፤ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከጋለ ወይም ባት ላይ ሕመም ከተሰማ በዚያው ቀን መመርመር ይገባል። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ አየር ሲስቡ የሚጠናበት የደረት ውጋት ወይም ደም የቀላቀለ ሳል ከታየ ደግሞ በበረራ ላይ ለአስተናጋጆች ወዲያውኑ መንገር፣ በብሪታኒያ ምድር ከሆነ በ999 መደወል ያስፈልጋል።