በ100 ዶላር አንድ ፔዳል፦ ከዛልቃ ለመጣ የቤዝ ጥያቄ

ቤይሩት ዳር ዛልቃ የምትኖር አንዲት ጓደኛችን የላከችልኝን ጥያቄ ለእሷ ብቻ መልሼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ነገሩ ሲመረመር እንዲህ ጣፋጭ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም፤ ስለዚህ እናንተም ስሙት። እሁድ እሁድ ከኅብረቷ ጋር ቤዝ ጊታር ትጫወታለች። በእጇ 100 ዶላር አለ። «አንድ ፔዳል ብቻ ብገዛ የቱን ልግዛ?» ነው ያለችው።

100 ዶላር ቤይሩት ውስጥ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. እስከ 2019 ድረስ አንድ ዶላር በ1,507 ሊራ ገደማ ይመነዘር ነበር፤ ከ2023 ወዲህ 89,500 አካባቢ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ዋጋው የሚነገረው በዶላር፣ የሚከፈለውም በጥሬው ነው። በሰው ቤት ሠርታ፣ ከደመወዟ ላይ ለአገር ቤት ልካ፣ የቀረውን ጠብ ጠብ አድርጋ ላጠራቀመች ሰው «ሞክሪው፣ ካልተስማማሽ ትሸጪዋለሽ» የሚል ምክር ምክር አይባልም።

መልሴን ላስቀድም። የመጀመሪያው ፔዳል ሥራው ቤዙ እንዲሰማ ማድረግ ነው፤ ማሳመሩ ይቆይ። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ግን ትንሽ ዞር ማለት አለብኝ።

ቤዝ ላይ ወፍራሙ ክር፣ ኢ የምንለው፣ ሳይያዝ ሲመታ በሴኮንድ 41 ጊዜ ይርገበገባል። 41 ሄርዝ ማለት ነው። ከሱ በላይ ያለው ኤ 55፣ ዲ 73፣ ጂ ደግሞ 98 ሄርዝ ነው። በየትንሹ አዳራሽ የሚገኙት ስፒከሮች 41 ሄርዝን እንደ ነገሩ ነው የሚያወጡት፤ ስልክማ ጭራሽ አይሞክረውም። ታዲያ የማህሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» በስልክ ስንከፍት የአይቤክስ ባንዱን የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ እንዴት ነው የምንከተለው? ነገሩ እንዲህ ነው። ክሩ 41ን ብቻ አያሰማም፤ 82ን፣ 123ን፣ 164ን እያለ በላዩ ላይ የሚደራረቡ ቀጫጭን ድምፆችም አሉት። ስልኩ ታችኛውን ቢጥለውም ጆሯችን ላይኞቹን ሰምቶ፣ በመካከላቸው ያለውን እኩል ርቀት አይቶ፣ የጎደለውን ራሱ ይሞላል። ስልኩ ያላወጣውን ድምፅ እየሰማን ነው! እኔ ይህንን ባስታወስኩ ቁጥር እንደ አዲስ ይገርመኛል።

እንግዲህ ቤዝን ለማሰማት ሁለት መንገድ አለ ማለት ነው። አንዱ ትልቅ ስፒከር መግዛት ነው፤ 100 ዶላር አይበቃውም። ሌላው ላይኞቹን ድምፆች ማብዛት ነው።

በገና ደርዳሪዎች ሁለተኛውን መንገድ ጥንት አግኝተውታል። በገና ቀረብ ብላችሁ ካያችሁ፣ ክሮቹ በሚያርፉበት ድጋፍ ላይ በየክሩ ሥር ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ገብታለች። እንዚራ ትባላለች። ደርዳሪው መጫወት ከመጀመሩ በፊት በጣቱ ገፋ ሳብ እያደረገ ቦታዋን ሲፈልግላት ይቆያል። ቦታዋን ስታገኝ፣ ክሩ ሲርገበገብ ቆዳዋን ነካ ነካ ያደርጋትና ያ ደረት ውስጥ የሚገባው ንዝረት ይመጣል። እንዚራዋ ከወጣች ያው ክር ድምፁ ደብዝዞ እጁ ላይ ይቀራል። ኦቨርድራይቭ የሚባለው ፔዳል በኤሌክትሪክ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ የሞገዱን ጫፍ ይቆርጠዋል፣ ከቁርጡ ላይ አዳዲስ ላይኛ ድምፆች ይወለዳሉ። ኦቨርድራይቭ ሲባል የሮክ ጩኸት ብቻ የሚመጣባችሁ ካላችሁ፣ ለስላሳውን የበገና ንዝረት አስቡ። ለመዝሙርም ይሆናል።

ደግሞ ይህን ስሙልኝ። ፈዝ የሚባለው የጎረነነ ድምፅ በዓለም ላይ ከታወቀባቸው የመጀመሪያ ዘፈኖች አንዱ የመጣው በቤዝ በኩል ነው። የማርቲ ሮቢንስ «ዶንት ዎሪ» ናሽቪል ውስጥ ሲቀዳ ግሬዲ ማርቲን ባለ ስድስት ክር ቤዝ ይጫወት ነበር፤ መሣሪያው የገባበት የሚክሰር ቻናል ተበላሽቶ ድምፁን አጎረነነው። ሳይጥሉት ተዉት፤ ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በ1961 ወጥቶ ተወደደ። የቀረጻ መሐንዲሱ ግሌን ስኖዲ ያንን ብልሽት የሚያስመስል ሰርኪት በአጋርነት ሠራና ጊብሰን በ1962 «ማስትሮ ፈዝ ቶን» ብሎ ለገበያ አቀረበው። ዛሬ ለጊታር የሚሸጠው ፈዝ የዘር ሐረጉ ከዚያ ብልሹ ቻናል ይመዘዛል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያፈስበት ጉድጓድ አለ። ርካሽ ስለሆነ ብሎ የጊታር ኦቨርድራይቭ ይገዛል። ለምሳሌ ቲዩብ ስክሪመር፣ በየቦታው ቅጂው በ30ና በ40 ዶላር የሚሸጠው፣ ከ720 ሄርዝ በታች ያለውን ድምፅ ሆን ተብሎ በጥቂቱ ብቻ እንዲያጎላ ነው የተሠራው። ለጊታር ብልህ ሐሳብ ነው፤ ድምፁ እንዳይድበሰበስ ያደርጋል። ቤዝ ግን ቤቱ እዚያ ታች ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ላይኛው ንዝረት ይመጣና ወለሉ ይጠፋል። ለብቻ ሲጫወቱት ያምራል፤ ከበሮና ኪቦርድ ሲገቡ ቤዝ የለም።

መፍትሔው አንዲት ቁልፍ ናት፦ ብሌንድ፤ አንዳንዶቹ ላይ ባላንስ ወይም ሚክስ ትባላለች። ያልተነካውን ንጹሕ ድምፅና የተቆረጠውን በፈለጉት መጠን ታቀላቅላለች። ታችኛው እንዳለ ይቀራል፣ ላይኛው ይጨመርበታል። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ በትንሽ ገንዘብ የቤዝ ኦቨርድራይቭ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ይህችን ቁልፍ ይፈልግ፤ ካጣት ወደሚቀጥለው ዕቃ ይለፍ። የቦስ ኦዲቢ-3 አለችው፤ የቤዝ ሰዎች ስለ ድምፁ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃሉ፣ እኔም ሻካራነቱን ከማይወዱት ወገን ነኝ። የቤሪንገሩ ቢዲአይ21 ደግሞ የቴክ 21ን ሳንስአምፕ ቤዝ ድራይቨር የሚከተል የፕላስቲክ ዕቃ ነው። ለዓመታት ከ50 ዶላር በታች ሲሸጥ ኖሯል። ብሌንድ አለው፤ ከዚያም በላይ እንደ ማይክራፎን ባለ ወፍራም ኬብል በቀጥታ ወደ ሚክሰር ይገባል። የቤዝ አምፕ ለሌለው ኅብረት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ለቤዝ የሚሆን አምፕ ጎተራ የሚያክል ስለሆነ በሰርቪስ ታክሲ ይዞት የሚዞር የለም። ሰውነቱ ፕላስቲክ በመሆኑ በጫማ ተረከዝ ባትረግጡት ጥሩ ነው።

«መጀመሪያ ኮምፕረሰር ግዢ» የሚሏት ብዙዎች ናቸው። ኮምፕረሰር ጮክ ያለውን ድምፅ ይጫናል፣ የሰለለውን ያነሣል፤ መስመሩ እኩል ይሆናል። ስቱዲዮ ውስጥ ያለሱ መሥራት ይከብዳል። ዛልቃ ውስጥ ግን የመጀመሪያ ግዢ አላደርገውም፤ ምክንያቴ ደግሞ መብራቱ ነው። ሊባኖስ ውስጥ የመንግሥቱ መብራት በሰዓታት ተቆጥሮ ይመጣል፤ የቀረውን የሰፈሩ ጀነሬተር በወር ክፍያ ይሞላዋል፣ ኢሽቲራክ የሚሉት። ብዙ አሮጌ ሕንፃ ላይ የመሬት መስመሩ አያስተማምንም። ስለዚህ ገመዱ ከተሰካ ጀምሮ እምምም የሚል ድምፅ አለ፤ ሁምታ እንበለው። ኮምፕረሰር የሰለለውን ሲያነሣ ይህንንም ያነሣዋል፤ በየዝማሬው መካከል ጸጥታ ሲሆን ሁምታው ወደፊት ይመጣል።

የዚህ ሁምታ ድምፅ ከፍታው ደግሞ ያስቃል። መብራቱ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ስለሆነ ሁምታው 50 ሄርዝ ነው። አሁን ቤዙን አንሡና ወፍራሙን ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ያዙት፤ ጂ ነው፣ 49 ሄርዝ። ሊባኖስ በሙሉ ከጂ ትንሽ ከፍ ባለች ቃና እያንጎራጎረች ነው ማለት ነው! እጥፉ 100 ሄርዝ ደግሞ ከቀጭኑ ክር፣ ከ98ቱ ጋር ጎን ለጎን ይቆማል። ስለዚህ በኢኳላይዘር ሁምታውን ልቁረጥ ያለ ሰው አብሮ ጂን ይቆርጣል። ከመቁረጥ ይልቅ ከምንጩ መሸሽ ይሻላል፤ ፔዳሉን በባትሪ ማሠራት።

አብዛኞቹ ትናንሽ ፔዳሎች በባለ 9 ቮልቱ አራት ማዕዘን ባትሪ ይሠራሉ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ማብሪያቸው የረገጣችሁት ቁልፍ አይደለም። የቤዙ ገመድ መግቢያው ላይ እስከተሰካ ድረስ፣ የፔዳሉ መብራት ጠፍቶም ቢሆን፣ ባትሪው ይበላል። ማታ ተሰክቶ ያደረ ፔዳል ጠዋት ላይነሣ ይችላል። አዳፕተር የሚገዛ ደግሞ ከ9 ቮልቱ ሌላ በጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ሥዕል ይይ፦ ለብዙዎቹ ፔዳሎች መሐሉ ኔጌቲቭ መሆን አለበት። የቤት ራውተር አዳፕተር ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው፤ ጫፉ ልክክ ብሎ መግባቱ አያታልላችሁ።

መብራቱን እንዲህ ሳስብ ነው የዙም ቢ1 ፎር ትዝ ያለኝ። ከ60 በላይ ኢፌክት በአንድ ሳጥን ውስጥ አለው፤ አዲሱ 100 ዶላር አካባቢ ነው፣ ያገለገለው ከዚያ ይወርዳል። የምወድለት ግን የኢፌክቱን ብዛት አይደለም። በአራት ተራ የሪሞት ባትሪ የሚያህሉ ባትሪዎች ይሠራል፤ በዩኤስቢ ገመድም ስለሚሠራ የስልክ ፓወርባንክ ይበቃዋል። ጆሮ ማዳመጫ ይሰካበታል፣ የከበሮ ምት አለው፣ ቃናውን የሚያስተካክል ቲዩነርም ውስጡ ነው። ክፍሏን ከሌሎች ጋር ለምትጋራና ማታ ብቻ ጊዜ ለምታገኝ ሰው ይህ ከማንኛውም ኦቨርድራይቭ ይበልጣል። ጉድለቱም አለ፦ በሜኑ ውስጥ መዳከር ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ወደ ሚክሰር በረጅም ገመድ ለመግባትም ዲአይ ቦክስ፣ ድምፁን ለሚክሰር የሚያመቻች ሳጥን፣ ሊፈልግ ይችላል። አዳራሹ ውስጥ ቢዲአይ21ን እመርጣለሁ። ለጓደኛችን ግን ዙሙን አልኳት፤ ያለመለማመጃ የቀረ ሰው ፔዳሉ አዳራሽ ላይ ብቻውን አያድነውም። ከገዛችው በኋላ መጀመሪያ ማድረግ ያለባት ከነዚያ ስልሳ ኢፌክቶች መካከል ብሌንድ ያለውን የቤዝ ድራይቭ ፈልጋ ሌላውን ሁሉ ማጥፋት ነው።

የቀሩትን ቶሎ ልለፍ። ኦክታቨር ድምፁን በአንድ ኦክታቭ ታች ይደግመዋል። 41ን ለሁለት ብትከፍሉት 20 ይሆናል፤ የሰው ጆሮ የሚያበቃበት ጠርዝ ነው፣ የትንሽ አዳራሽ ስፒከርም አያወጣውም። ስለዚህ የሚጠቅመው ላይኞቹ ክሮች ላይ ነው። በዝግታ ለሚሄድ ትዝታ ግርማ ይሰጣል፤ በፈጣን ጭክጭካ ላይ ግን ፔዳሉ የትኛው ኖታ እንደሆነ ለይቶ ሳይጨርስ እኛ አልፈን ስለምንሄድ ይንተባተባል። ፒካፕ ላለው ቤዝ ክራርም ያው ነው፤ ኦቨርድራይቩ ከብሌንድ ጋር ይስማማዋል፣ ኦክታቨሩ ያስቸግረዋል። ኮረስ የሚባለው ፔዳል ለባላድ ያምራል፣ ለመግዛት ግን አያስቸኩልም። ቤዚስቱ ቡትሲ ኮሊንስ በሙትሮን ፔዳል ያሳወቀው ያ ጣት በበረታ ቁጥር «ዋው» የሚለው ፊልተር ለሁለት ዘፈን ያስደስታል፤ በሦስተኛው ዘማሪው ዘወር ብሎ ያያችኋል።

አሁን ወደ ግዢው። ያገለገለ ዕቃ በኢንተርኔት ገበያው በዱቢዝል ላይ ይገኛል፤ ሰው የሚበዛበት ቦታ ተገናኝታ፣ ከጓደኛ ጋር ሄዳ ትግዛ። ሲን ኤል ፊል በሚባለው ሰፈር በወንዙ ዳር ያለው ሱቅ ኤል አሐድ፣ የእሁድ ገበያው፣ ከዶራ ሰፈር ሩቅ አይደለም፤ ከአሮጌ ራዲዮና ከጫማ መካከል አንዳንዴ ፔዳል ይወጣል። እዚያ የምትገዛ ከሆነ ግን ባለ 9 ቮልት ባትሪ በቦርሳዋ ትያዝ፤ «ይሠራል ወላህ» በባትሪ ነው የሚረጋገጠው። የባትሪውን ክዳን ትክፈት፦ ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ካለ ትተወው። ገመዱን ሰክታ በጣቷ ቀስ አድርጋ ትነቅንቀው፤ ድምፁ ቆረጥ ቀጠል ካለ መግቢያው ተነቃንቋል፣ ብየዳ ይፈልጋል። ቁልፎቹን እስከ ዳር ታዙራቸው፤ መንቋቋት ካለ አቧራ ነው፣ ያን ያህል አያስፈራም፣ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ጥሩ ሰበብ ነው።

ሱቅ ገብታ የምትሞክር ከሆነ የራሷን ቤዝ ይዛ ትሂድ፤ በ1,500 ዶላር ቤዝ የተሞከረ ፔዳል ስለ ቤዙ እንጂ ስለ ፔዳሉ አይናገርም። አምፑን ዝቅ አስደርጋ፣ ወፍራሙን ክር ባዶውን ትምታና ፔዳሉን ትርገጥ። ሲረገጥ ድምፁ ከሳሳ ብሌንዱን ታዙር፤ እሱም ካልመለሰው ታመስግንና ትውጣ። አካባቢውም የሙዚቃ አካባቢ ነው፦ ዛልቃን አልፎ ጃል ኤል ዲብ፣ ከሱ ቀጥሎ ያለው አንጤልያስ የራህባኒዎች፣ የሙዚቀኞቹ ቤተሰብ፣ አገር ነው፤ የዘፋኟ የፌይሩዝ ልጅ፣ ሙዚቀኛው ዚያድ ራህባኒ እ.ኤ.አ. በ2025 ሲያርፍ አገሩ በሙሉ አልቅሶለታል። የሱን «አቡ አሊ» የቤዝ መስመር ሁለት ዙር አጥንታ ብትሄድ ሻጩ ቀና ማለቱ አይቀርም፤ ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋ ይነጋገሩ።

ከመቶው 15 ወይም 20 ዶላር ከተረፈ ደግሞ ሁለተኛ ፔዳል አትፈልግበት። ደህና ገመድና አዲስ የቤዝ ክር ትግዛበት፤ ያረጀ ክር እነዚያን ላይኛ ድምፆች መጀመሪያ ያጣቸዋል፣ ክሩ ያላወጣውን ብሌንድ አያመጣውም።