የኤላት ወፎች ጾም ሲፈቱ

ኤላትን የሚያውቅ ሰው የሚያውቀው ሆቴሉንና ዳርቻውን ነው። ወደ ዮርዳኖስ መሻገሪያ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ከተምር እርሻውና ከጨው ኩሬዎቹ ወዲህ ያለውን የወፎች መጠለያ ግን ከተማዋ ውስጥ ዓመታት የሠራ የአገሬ ሰው እንኳ «የት ነው ደግሞ እሱ?» ይለኛል። ቀይ ባሕር በሰሜን የሚያልቅበት ጥግ ላይ ነው። በአውሮፓ፣ በእስያና በአፍሪካ መካከል የሚመላለሱ አምስት መቶ ሚሊዮን ገደማ ወፎች በዓመት ሁለቴ በእስራኤል ሰማይ ያልፋሉ።

«ባሕር ወደው ነው የሚመጡት» የሚለውን ነገር መስማት ሰልችቶኛል። ባሕሩ አብዛኞቹን አያበላም፣ አያጠጣምም። ሽመላማ ጭራሽ ትሸሸዋለች፤ ክንፏን ዘርግታ የምትንሳፈፍበት ሙቅ አየር የሚነሳው ከየብስ ነውና። የቤተ እስራኤል ልጆች በጎንደር ሰማይ ሽመላ ባዩ ቁጥር የኢየሩሳሌምን ደኅንነት በዜማ ይጠይቋት ነበር። የጠየቁት መንገዱን የምታውቀውን ነው። ኤላት ግን ሽመላ ማየት የፈለገ ወደ ላይ ያንጋጥ፤ ቁጥቋጦው የትንንሾቹ ነው።

የነዚህ የትንንሾቹ ሆድ ነው ጉዱ። አንድ የመጋቢት ጠዋት፣ ወፍ በስስ መረብ እየያዙ እግሯ ላይ ቀለበት የሚያስሩት ሠራተኞች አጠገብ ቆሜ ነበር። ጥቁር ቆብ የደፋ የሚመስል፣ ሃያ ግራም እንኳ የማይሞላ ወፍ አወጡ። ከነዚህ ወፎች ብዙዎቹ በጋውን በኛ ደጋ ከርመው፣ በረሃውን በሌሊት እየበረሩ የሚያቋርጡ ናቸው። ሠራተኛው የሆዱን ላባ እፍ ብሎ ገለጠው። ከቆዳው ሥር ቢጫ ስብ መታየት ነበረበት፤ ምንም የለም። የደረቱ አጥንት እንደ ቢላ ስለት ወጥቷል። ቀለበቱ ግን የትናንት ነው። መዘኑት፤ ክብደቱ ከትናንቱ ንቅንቅ አላለም።

«ቀኑን ሙሉ ሲለቅም አልዋለም እንዴ?» አልኩ።

ውሏል። ችግሩ የሚፈጭበት የለውም። ወፉ በረሃውን ሲያቋርጥ የሚያነደው ስቡን ብቻ አይደለም፤ ጡንቻውን፣ ጉበቱንና አንጀቱንም ጭምር ነው። ሲያርፍ አንጀቱ ተሸብሽቦ ትንሽ ሆኗል፤ ምግብ ቢሞላበትም አያስተናግድም። በኔጌቭ በረሃ ተመራማሪዎች ይህንኑ ዝርያ አስጹመውና መልሰው መግበው እንዳዩት፣ ክብደት ከመጨመሩ በፊት አንጀቱን እንደገና መሥራት አለበት፤ ይኸውም ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል። እናቶቻችን ይህን ሳይማሩት ያውቁታል። ሁለት ወር ተጹሞ በፋሲካ ሌሊት ዶሮው ከመቅረቡ በፊት ተልባ የሚያጠጡን ለምን ሆነና? ወፉም ተልባ ይፈልጋል። የሱ ተልባ ፍሬ፣ ትል፣ ውኃና ከሁሉም በላይ ማንም የማይረብሸው ጥላ ነው።

ለዚህ ነው ካሜራ አንጠልጥሎ ከመንገዱ እየወጣ ቁጥቋጦ የሚያንቀጠቅጠውን ጎብኚ ሳይ ደሜ የሚፈላው። «ተነስቶ ሲበር ያምራል» ይላሉ። ያ የሚያምር በረራ የሚከፈለው ካልተሠራው አንጀት ነው። በስልካቸው የወፍ ድምፅ እያሰሙ የሚጠሩትማ የባሱ ናቸው፤ ጾመኛን በሐሰት ለማዕድ እንደመጥራት ነው።

ቦታው ራሱ ቆሻሻ መጣያ ነበር ብል ማን ያምነኛል? የጥንቱ ጨዋማ ረግረግ በእርሻና በሆቴል ተበልቶ ሲያልቅ፣ ሬውቨን ዮሴፍ የተባሉ የወፍ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ቆሻሻው ላይ አፈር አልብሰው፣ ጨው የሚችሉ ቁጥቋጦዎች ተክለው፣ ኩሬ አወጡበት። በ2000 የሮሌክስ ሽልማት አገኙበት። ወፎቹ የሚያርፉበት ጥላ የተተከለው በጥራጊ ላይ ነው።

መሄድ የምትፈልጉ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ፣ ጎሕ ሲቀድ ድረሱ፤ ፀሐዩ ሲጠና ወፉም ሠራተኛውም ጥላ ይገባሉ። ውኃ ያዙ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ከመንገዱም አትውጡ።