አስቶሪያን በቫን፦ የባሕሩን ሰዓት እያዩ መጓዝ

ከሲያትል ወይም ከፖርትላንድ ተነስቶ ቅዳሜና እሁድን ባሕር ዳር ማሳለፍ ለሚፈልግ፣ በተለይ የራሱ ቫን ላለው ወይም ለሚከራይ ቤተሰብ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠቁማት ከተማ አስቶሪያ ናት። በኦሪገን ግዛት ሰሜን ምዕራብ ጥግ ትገኛለች። ከፖርትላንድ 2 ሰዓት ገደማ፣ ከሲያትል ደግሞ ከ3 ሰዓት ትንሽ ከፍ የሚል መንገድ ነው። የቆመችው ኮሎምቢያ የተባለው ታላቅ ወንዝ ወደ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ሊገባ ሲቃረብ፣ በደቡብ ዳርቻው ላይ ነው። ብዙ ጎብኚ እኩለ ቀን ላይ ይደርሳል፤ ፎቶ አንስቶ፣ ዓሣ በልቶ ማምሻውን ይመለሳል። በዚያ ሰዓት ውኃው ሞልቶ ከነበረ ከሚታየው ግማሹን ሳያይ ሄደ ማለት ነው። ቫን ይዞ የመጣ ሰው ግን እስኪጎድል መጠበቅ ይችላል።

ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት ከአየር ጠባዩ ትንበያ እኩል የባሕሩን የሙላትና የጉድለት ሰንጠረዥ ይመልከቱ። የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር በነጻ ያወጣዋል። በጨረቃና በፀሐይ ስበት ምክንያት በዚህ ጠረፍ ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜም ይጎድላል። ከሙላት እስከ ጉድለት 6 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሰዓቱም በየቀኑ በ50 ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ የትናንቱ ለዛሬ አይሠራም። በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 2 ሜትርና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ለጥ ባለ አሸዋ ላይ ይህ ማለት ባሕሩ ብዙ ርቆ ይሸሻል ማለት ነው።

የጉድለቱን ሰዓት መጠበቅ የሚያዋጣው ከሁሉ በላይ ፒተር አይርዴል በተባለችው መርከብ ስብርባሪ ዘንድ ነው። ባለ አራት ምሰሶ የብሪታንያ የብረት መርከብ ነበረች። ከሜክሲኮ ተነስታ ስንዴ ለመጫን ወደ ፖርትላንድ ስትጓዝ ጥቅምት 1906 በፈረንጆች አቆጣጠር ነፋስና ጉም አሳስቷት አሸዋው ላይ ወጣች። የሞተ ሰው የለም። የዛገው አጽሟ ግን ከመቶ ዓመት በኋላም እዚያው ቆሟል። ሲሞላ ሞገዱ ይከበዋል፤ ሲጎድል በእግር ሄደው አጠገቡ ይደርሳሉ፤ ልጆችም በብረቶቹ መካከል ይመላለሳሉ።

እንዲህ ያለ አደጋ የደረሰባት እርሷ ብቻ አይደለችም። ከ1792 ወዲህ በወንዙ አፍና በአካባቢው 2,000 ያህል መርከቦች እንደጠፉ ይነገራል። ስፍራው «የፓሲፊክ መቃብር» የሚል ስም ያገኘውም ከዚህ የተነሳ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወንዙ ያግበሰበሰውን አሸዋ አፉ ላይ ይከምራል፣ ውኃውም እዚያ ጥልቀት ያጣል። ውቅያኖሱ በሚጎድልበት ሰዓት ወንዙ በሙሉ ኃይሉ ወደ ውጭ ይወርዳል፤ ከምዕራብ የሚመጣው ሞገድ ደግሞ ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ሁለቱ ሲጋጩ ሞገዱ በአጭር ርቀት ቀጥ ብሎ ይነሳና ይሰበራል። ይህን ለመግራት ከ1885 ጀምሮ የድንጋይ ግድብ ወደ ባሕሩ እየተዘረጋ ተሠርቷል። ዛሬም ከውጭ የሚመጣ ትልቅ መርከብ ይህን በር የሚሻገረው ቦታውን ጠንቅቆ በሚያውቅ ልዩ መሪ ነው። መሪዎቹ በጀልባ ወይም በሄሊኮፕተር ተወስደው መርከቡ ላይ ይሳፈራሉ። ከተማው ውስጥ ያለው የኮሎምቢያ ወንዝ የባሕር ሙዚየም ይህን ሁሉ በደንብ ያሳያል፤ ዝናብ ለያዘው ቀን ከእርሱ የተሻለ መጠለያ አላውቅም።

ዝናቡም ብዙ ነው፤ በዓመት 1,700 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል። የኛ አገር ክረምት በሚጠቁርበት በሐምሌና በነሐሴ ግን እዚያ ደረቅ ነው። ዋናው ዝናብ ከኅዳር እስከ ጥር ይጠነክራል።

ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1811 ሲሆን ስሟን ያገኘችው ከፀጉራም ቆዳ ነጋዴው ከጆን ጄከብ አስተር ነው። ከዚያ በፊትና በኋላም አገሩ የቺኑክና የክላትሶፕ ሕዝቦች ነበር። ኋላ ላይ ኑሮዋን የያዘው የሳልሞን ዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ሆነ፤ ቻይናውያንና ፊንላንዳውያን ስደተኞች በብዛት ሠርተውበታል። በወንዙ ዳር በሚያስኬደው ረጅም የእግር መንገድ ላይ ውኃው ውስጥ የቀሩ የእንጨት ምሰሶዎች ይታያሉ፤ የዚያ ዘመን ሕንጻዎች ቆመውባቸው የነበሩ ናቸው። በታኅሣሥ 1922 የተነሳው ቃጠሎ መሀል ከተማውን ያወደመው፣ መንገዶቹ ራሳቸው በእንጨት ምሰሶ ላይ የተሠሩ ስለነበሩ እሳቱ ከሥራቸው እየሮጠ በመዛመቱ ነው። ኮረብታው ላይ ያለው በ1926 የተሠራው የአስቶሪያ ዓምድ 164 ደረጃ አለው። ሽቅብ ለወጣ ሰው ወንዙ፣ ውቅያኖሱና ወደ ዋሽንግተን ግዛት የሚያሻግረው ድልድይ በአንድ እይታ ይገቡለታል።

ወደ ማደሪያው እንምጣ። በከተማው መንገድ ዳር መኪና ውስጥ ማደር እንደየቦታው ሊከለከል ስለሚችል ምልክቱን ሳያነቡ መጋረጃ አይዝጉ። በኦሪገን አውራ ጎዳናዎች ላይ ያሉት ማረፊያዎች በ24 ሰዓት ውስጥ እስከ 12 ሰዓት መቆም ይፈቅዳሉ፤ ድንኳን መትከል ግን አይፈቀድም። ቤተሰብ ይዞ ለሚመጣ ሰው የእኔ ምርጫ የፎርት ስቲቨንስ ስቴት ፓርክ ነው። ከከተማው ብዙ አይርቅም፤ ሻወር፣ የኤሌክትሪክ መሰኪያና የቆሻሻ ውኃ ማፍሰሻ አለው። የመርከቧ ስብርባሪም ያለው በዚሁ ፓርክ ዳርቻ ነው። በበጋ ስለሚሞላ ከወራት በፊት ቦታ ይያዙ። ቦታው ቀድሞ የጦር ምሽግ ነበር፤ በሰኔ 1942 የጃፓን ሰርጓጅ መርከብ ተኩሶበታል፤ የደረሰው ጉዳት ግን ጥቂት ነው። የምሽጉ ግንቦች ዛሬ ለእግር ጉዞ ክፍት ናቸው።

አሁን የምለውን እባክዎ በጥንቃቄ ያንብቡት። እኛ በሄድንበት ሁሉ ጀበናችንን ይዘን እንሄዳለን፤ ደስ የሚል ልማድ ነው። ነገር ግን ከሰል በቫን ውስጥ በፍጹም አይቀጣጠልም። ዝናብ ስለሆነ፣ ነፋሱ ስለከበደ፣ «በሩን ከፈት አድርጌዋለሁ» ተብሎም አይሆንም። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዝና መጀመሪያ ራስ ምታትና ድካም ያመጣል፣ ቀጥሎ እንቅልፍ ይጥላል፣ ከዚያ ይገድላል። ነዶ ያለቀ የሚመስል ፍም እንኳን ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም፤ ስለዚህ ለሙቀት ተብሎ ማንደጃውን ወደ ውስጥ ማስገባት ቤተሰብ ይጨርሳል። የጋዝ ምድጃም ቢሆን ውጭ፣ ከመኪናው ራቅ ብሎ ይለኮስ። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ዋጋው ውድ አይደለም፤ አንዱን ከመኝታው አጠገብ ይስቀሉ። ሌሊት መስኮት በጣት ስፋት መክፈትም አይርሱ። የአምስት ሰው ትንፋሽ በዚያ እርጥብ አየር ላይ ሲጨመር ግድግዳውን አርሶ ብርድ ልብሱን ያበሰብሳል።

ለስንቅ የአባቶቻችን መንገድ እዚህም ይሠራል። እንጀራ በእርጥበቱ ቶሎ ይሻግታል፤ ድርቆሽ፣ ቆሎ፣ በሶና ሽሮ ግን ማቀዝቀዣ አይጠይቁም። ድርቆሹ እርጥበት እንዳይስብ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ይያዝ። ትኩስ ዓሣ ከተማው ውስጥ ይገዛል። ጉድለቱን ጠብቀው አሸዋ የሚቆፍሩ ሰዎች ሲያዩ ባለ ቅርፊት የባሕር ፍጥረት እየለቀሙ ነው። ለዚህ ፈቃድ መግዛት ያስፈልጋል፤ የኦርቶዶክስ አማኝ ግን ለማየት ካልሆነ አይቀርበውም።

ከመርከቧ ደቡብ ባለው አሸዋ ላይ መኪና መንዳት ይፈቀዳል፤ ቢሆንም ቫንዎን እንዳያስገቡት እመክራለሁ። ከባድና በሁለት ጎማ የሚነዳ መኪና በቀላሉ ይቀረቀራል፤ ውኃው ደግሞ ጎታች እስኪመጣ አይጠብቅም። ለልጆችም አንድ ደንብ ይስጡ፦ ለባሕሩ ጀርባ አይሰጥም፣ ዳር ላይ በወደቀ ግንድ ላይም አይወጣም። ረጋ ብሎ በቆየ ባሕር ውስጥ ድንገት ትልቅ ሞገድ ይመጣል፤ ቶን የሚመዝነውን ግንድ አንስቶ ያንከባልላል። መሬት ሲናወጥ ከተሰማዎት ሰማያዊዎቹን የሱናሚ ማምለጫ ምልክቶች ተከትለው ወዲያውኑ ወደ ከፍታ ይውጡ። ማስጠንቀቂያ አይጠብቁ። ይህ ጠረፍ በጥር 1700 በታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥና በሱናሚ ተመትቷል፤ ያን ያመጣው የመሬት ስንጥቅ ዛሬም ከባሕሩ በታች አለ።

ሁለተኛ ሌሊት ካለዎት በ1966 የተከፈተውን፣ 6.5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ድልድይ ተሻግረው ወደ ዋሽንግተን ግዛት ይለፉ። በኬፕ ዲሳፖይንትመንት ከ1856 ጀምሮ ለመርከቦች የሚያበራ የመብራት ማማ አለ፤ በዚያው ፓርክ ውስጥ ለቫን የሚሆን ማደሪያም ይገኛል። ከገደሉ ላይ ሆነው ወንዙና ውቅያኖሱ የሚጋጩበትን በር ከላይ ያዩታል። ለዚህ ግን ውኃው በመጉደል ላይ ያለበትን ሰዓት ይምረጡ፤ ነጭ ሞገዱ የሚነሳው ያኔ ነው።