"ችግር የለም" ያልኩበት ፋሲካ

የአማኑኤል ሰፈር ልጅ ነኝ። እኛ ጋ ፋሲካ ሲቃረብ ከዶሮውም ከእንቁላሉም በፊት የሚነሳው ወሬ የቅርጫ ነው። "ስንት ሆናችሁ? በሬው ተገዛ? መደቡ ስንት ደረሰ?" ይባላል። ሳይገቡ መቅረት ያስቆጫል፤ ገብቶ መጣላት ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ሁለተኛው ነው።

በ2017 ዓ.ም. ፋሲካ አስር ጓደኛሞች ሆነን ከሸጎሌ በሬ ገዛን። ለአንድ መደብ 9 ሺህ ብር ደረሰ። ዘጠኛችን ከፈልን። አስረኛው፣ ከልጅነት ጀምሮ አብሮኝ ያደገው ጓደኛዬ፣ የስቅለት ዕለት ማታ ደወለልኝ። "ወንድሜ፣ እጄ ላይ ምንም የለም። እኔን ተዉኝ" አለ። ድምፁ አንጀቴን በላው። እናቱም ትዝ አሉኝ። "ችግር የለም ባክህ! እኔ አለሁ አይደል?" አልኩና የሱንም ከፈልኩ።

ያቺን "ችግር የለም" ልብ በሉልኝ።

ለዳግማይ ትንሣኤ እነሱ ቤት ጎራ ስል እናቱ አገላብጠው ሳሙኝ። "ልጄ፣ በዓሌን በዓል አደረግህልኝ፣ እድሜ ይስጥህ!" ብለው መረቁኝ። "አሜን" አልኩ። ውስጤ ግን ደንገጥ አለ። ስጦታ ነው ያላቸው እንዴ?

ግንቦት አለፈ፤ ሰኔም አለፈ። እሱ ዝም፣ እኔም ዝም። "ብሬስ?" ለማለት ይሉኝታ ያዘኝ። አፌ ዝም ቢልም ዓይኔ ግን መቁጠር ጀመረ። አዲስ ጫማ አደረገ... ቅዳሜ ማታ ሰው ጋበዘ... "ለዚህ አለው፣ ለኔ የለውም!" እያልኩ ተብሰለሰልኩ። በመጨረሻ ለሱ መናገር ያቃተኝን ለሌሎቹ ጓደኞቻችን ተናገርኩ። ሰፈር ደግሞ ሰፈር ነው፤ በማግስቱ ጆሮው ገባ።

ሐምሌ ላይ ቤቴ ድረስ መጣ። "ብድር መሆኑን መቼ ነገርከኝ? 'ተዉኝ' አላልኩህም? ብድር ብትለኝ ኖሮ አልገባም ነበር!" አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። እውነቱን ነዋ! ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጥንም።

የእቁብ ዳኛው ጥያቄ

መርካቶ የምጥለው እቁብ አለኝ። ዳኛችን ትልቅ ሰው ናቸው። ነገሩን ሳጫውታቸው፣ "እቁብ ሲደርስህ ዋስ አምጣ ብንልህ ትቀየማለህ?" አሉኝ።

"ኧረ አልቀየምም።"

"ለምን?"

"ሁሉም ሰው ስለሚጠየቅ ነዋ።"

"በል እንግዲህ፣ የናንተ ስህተት እዚያ ላይ ነው" አሉ።

ገባኝ። ደንቡ ከገንዘቡ ቀድሞ ከተነገረና ለሁሉም እኩል ከሆነ ማንም አይነካም። ቅርጫውም እኮ እንዲሁ ነው። ከጎድኑም፣ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም ለየመደቡ ይዳረሳል፤ ከዚያ ዕጣ ይወጣል። የሚመድበው ሰው የትኛው መደብ ለራሱ እንደሚደርስ አያውቅም። ይህ ጥንቃቄ የመጣው ሰዎቹ ስለማይተማመኑ አይደለም፤ ተማምነው እንዲኖሩ ነው። እኛ ግን ሥጋውን በዕጣ እየተካፈልን ገንዘቡን ለይሉኝታ እንተወዋለን።

በሬው ሳይገዛ

ስለዚህ ለሚቀጥለው በዓል እነዚህን ያዙልኝ።

አንደኛ፣ ለጓደኛችሁ ስትከፍሉ ስሙን ጥሩት። ስጦታ ከሆነ "በዓል ነው፣ አትመልስም" በሉና እርሱት። ብድር ከሆነ "እስከ ሰኔ ይበቃሃል?" በሉት። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ የዚያን ቀን ብትከብድም በኋላ ከሚመጣው ትቀላለች።

ሁለተኛ፣ ወጪውን ሁሉ ቀድማችሁ ደምሩ። የበሬው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ መጫኛው አለ፣ አራጁ አለ፣ ጉዝጓዙ አለ። ድሮ ቆዳው ተሽጦ ወጪ ያቃልል ነበር። ዛሬ ገዢ እያጣ በየመንገዱ ሲጣል ታያላችሁ፤ ስለዚህ ሂሳብ ውስጥ አታስገቡት።

ሦስተኛ፣ የመክፈያው ቀን በሬው ከመገዛቱ በፊት ይሁን። ሙሉ መደብ የሚከብደው ካለ ሁለት ሰው አንድ መደብ ይካፈል። ግማሽ መደብ ነውር አይደለም።

አራተኛ፣ ማን በምን እንደሚገባ ለዩ። ቢራ የማይጠጣ ለቢራ አያዋጣ። ሙስሊም ጓደኛችሁም አብሯችሁ ስለተጫወተ ብቻ ለማይበላው ሥጋ አይክፈል።

አምስተኛ፣ ጻፉት። ቴሌብርም ሆነ በእጅ የተሰጠ፣ ማን ስንት እንደከፈለ ለሁሉም በስልክ መልእክት ይድረስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2472፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ፊት በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም ይላል። "ሰው ሰምቷል" አያዋጣም ማለት ነው። በጓደኛ ላይ ክሰሱ እያልኩ አይደለም፤ ወረቀቱ የሚጠቅመው ሁለታችሁም አንድ ነገር እንድታስታውሱ ነው።

እኔና ጓደኛዬ በእንቁጣጣሽ ታረቅን። እኔ ስላማሁት ይቅርታ ጠየቅሁ፤ እሱም በሦስት ጊዜ 3 ሺህ 3 ሺህ ሊከፍለኝ ተስማማ። ሁለቱን ከፍሏል። እናቱ ግን ምንም አልሰሙም። እንዳይሰሙም ሁለታችን ተማክረናል፤ ይህኛውን በግልጽ ተነጋግረን ነው። ባዩኝ ቁጥር ይመርቁኛል፤ እኔም "አሜን" እላለሁ።

ቸር ሰንብቱ!