የገሻ ስም በዶሜይን ገበያ

ቡናውን ያለ ደላላ ለውጭ ገዢ ለማቅረብ የተነሳ የሚዛን ተፈሪ ወይም የቴፒ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን፣ ከናሙናው ሌላ ገዢው በኢንተርኔት የሚያገኘው ስም ያስፈልገዋል። ይህን የዶሜይን ስም የሚሸጡት መዝጋቢ የሚባሉ ድርጅቶች ናቸው። ደንባቸው ቀላል ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ይወስዳል። የዓመቱ ክፍያ ትንሽ ስለሆነም ስም እየገዙ የሚያከማቹና አትርፈው የሚሸጡ በዝተዋል።

መዝጋቢዎቹም ገለልተኛ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በጥር 2008 ኔትወርክ ሶሉሽንስ የተባለው የአሜሪካ መዝጋቢ፣ አንድ ስም መያዝ አለመያዙን ሰው በገጹ ሲፈትሽ ስሙን ራሱ እየመዘገበ ለአራት ቀን ያቆየው ነበር። በእነዚያ ቀናት ፈላጊው ከእሱ ካልሆነ ከሌላ መግዛት አይችልም ነበር። ድርጅቱ ደንበኞቼን ከስም ነጣቂዎች ልጠብቅ ብዬ ነው ቢልም፣ ጠያቂን አፍኖ መያዝ ጥበቃ አይባልም።

በስም ላይ ክርክር ሲነሳ፣ የዶሜይን ስሞችን የሚያስተባብረው አይካን እ.ኤ.አ. በ1999 ያጸደቀው የዳኝነት ሥርዓት አለ። አቤቱታ ከሚቀበሉት ተቋማት ዋናው ጄኔቫ ያለው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ነው። ከሳሹ ሦስት ነገር ያስረዳል፦ ስሙ ከንግድ ምልክቱ ጋር መመሳሰሉን፣ ያዡ መብት እንደሌለው፣ ስሙም ከቅን ልቦና ውጪ ተመዝግቦ በሥራ ላይ መዋሉን። ፍርደ ገምድልነቱ ከመጀመሪያው ነጥብ ይጀምራል። የንግድ ምልክት የሌለው ገበሬ፣ ስሙ የአገሩ ስም ቢሆንም፣ በሩን አያልፍም። የቦታ ስሞችን በጥበቃው የማካተት ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2001 ተጠንቶ ነበር፤ ሥርዓቱ ግን አልተለወጠም።

የቦታ ስም ያለ ጥበቃ ሲቀር ምን እንደሚሆን ለማየት የገሻን ቡና ማንሳት ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን የተለቀመው ዘር በኬንያና በታንዛኒያ በኩል ኮስታሪካ፣ ከዚያም ፓናማ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2004 የፓናማው ላ ኤስሜራልዳ እርሻ በዚሁ ቡና የአገሩን ውድድር ሲያሸንፍ ዓለም ስሙን ለመደ። ዛሬ «ገሻ» የዝርያ መጠሪያ ሆኖ ማንም በጆንያው ላይ ይጽፈዋል።

ኢትዮጵያ ለሌሎች ቡናዎቿ ታግላለች። እ.ኤ.አ. በ2005 ሲዳሞን፣ ሐረርንና ይርጋጨፌን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች፤ የዚያ አገር የቡና ማኅበርም ተቃወመ። እ.ኤ.አ. በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተደረሰ። ከሦስቱ ስሞች ውስጥ ግን የደቡብ ምዕራቡ ገሻም፣ ቴፒም፣ ቤበቃም የሉም።

ስለዚህ የሚዛን ተፈሪም ሆነ የቴፒ ዩኒየን ጆንያ ከማሳተሙ በፊት የንግድ ምልክቱን ያስመዝግብ፤ ዶሜይኑንም ድረ ገጹን በሚሠራለት ባለሙያ ስም ሳይሆን በራሱ ስም ይያዝ፣ የእድሳቱንም ቀን አያሳልፍ።