በትንሽ ገንዘብ ወደ ጢስ ዓባይ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ የጥር እሑድ፣ አምስት ጓደኛሞች ጢስ ዓባይን ለማየት ከፍኖተ ሰላም ገና ሳይነጋ ተነሣን። የመኪናውን ኪራይ አራታችን አዋጣን፤ ሥራ የፈታው ወዳጃችን ግን እናቱ የጋገሩትን ድፎ ዳቦ ለሁላችን ስንቅ አመጣ። ስለዚህ ባለዕዳ የሆነ አልነበረም።

በባሕር ዳር በኩል አልፈን፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራውን የአላታን ድልድይ ተሻግረን ስንደርስ፣ 40 ሜትር ያህል ከሚሆነው ገደል የሚወርደው ውሃ ቀጥኖ አገኘነው። ወራቱ በጋ ነበር፤ በዚያም ላይ ወንዙ በ1956 እና በ1993 ዓ.ም. ለተከፈቱት የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ሲጠለፍ ኖሯል፤ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህም የጣና በለስ ማመንጫ ከሐይቁ ይወስዳል። እንግዲህ ገንዘቡ ለአንድ ጉዞ ብቻ የሚበቃው መንገደኛ ነሐሴን ወይም መስከረምን ይምረጥ።

ዳቦውን ከፏፏቴው ፊት ቆርሰን በልተን ተመለስን። ማታ ፍኖተ ሰላም ስንገባ የከተማው መብራት ቦግ ብሎ ጠበቀን። ያ ወዳጃችንም «ፏፏቴው ቀድሞን ገብቷል» ብሎ አሳቀን።